ከፈረስ ጉልበት በፊት ፍሬን

ትንሿ ኢትዮጵያ ከምትባለው የፌርፋክስ ጎዳና ተነስቶ ወደ ሰሜን ከአንድ ማይል ያነሰ የተራመደ ሰው፣ ፌርፋክስና ዊልሸር የሚገናኙበት ጥግ ላይ የፒተርሰንን የመኪና ሙዚየም ያገኛል። ሙዚየሙ የተከፈተው በ1994 ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት የእኛን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ደግሞ በ2002 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚህ ያለነው ሰዎች ደመወዙንም ቪዛውንም የምንቆጥረው በዚሁ ነውና።) እንግዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ጎረቤታሞች ነን ማለት ነው።

ነገር ግን በእኛ መሃል ስለ መኪና ሲወራ ወሬው ከሁለት ነገር አይዘልም። ወይ መኪና እንጀራ ነው፣ ወይ መኪና መታያ ነው። እንጀራ የሆነለት ታክሲና ሊሞ ነድቶ፣ ኡበር ሠርቶ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል፤ ክብር ይገባዋል። መታያ ያደረገው ደግሞ ገና ሥራ እንደያዘ በብድር አብረቅራቂ መኪና ይገዛና ፎቶውን አገር ቤት ይልካል። እኔ ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ስለ ሦስተኛው ነው፤ መኪናን እንደ ሙያ ስለ መያዝ። በተለይም ለመንገድም ለውድድር ሜዳም እንድትሆን አድርጎ አንዲት የስፖርት መኪና ስለ ማዘጋጀትና በጤና ስለ ማቆየት።

እኔ የምኖረው ሳንታ ሞኒካ ነው፤ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። አንዲት የ1999 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ አለችኝ። ሞተሯ 1.8 ሊትር ነው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ 140 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይዘልም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ታደርሰኛለች። በዓመት አራት አምስት ቀን ደግሞ ሮዛመንድ በረሃ ውስጥ ወዳለው ዊሎው ስፕሪንግስ፣ ወይም በአይ-5 መንገድ ወደ ሰሜን ወዳለው በተንዊሎው ወስጄ እንደ ልቧ እንድትሮጥ እለቃታለሁ።

ይህን የሚያውቁ ወጣቶች ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጋሼ፣ ተርቦ ባስገባላት ስንት ፈረስ ትጨምራለች?»

እኔም በጥያቄ ነው የምመልሰው፦ «ልጄ፣ ጎማህ ስንት ዓመቱ ነው?»

ቀልድ ይመስላቸዋል። ቀልድ አይደለም።

ፈረስ ሜዳ ነበረው

ፍጥነት መውደድ ከፈረንጅ የተቀዳ አመል አይደለም። እኛ እኮ ሰውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ነው። ዛሬም ጥር 23 ቀን እንጅባራ የሄደ ሰው የአገው ፈረሰኞች እንዴት እንደሚጋልቡ ያያል። ታዲያ ልብ በሉ፤ ጉግስ ሜዳ ነበረው። ጃንሜዳ ነበረ። ገበያ መሃል፣ ሴቶችና ሕፃናት በሚያልፉበት ጠባብ መንገድ ላይ ፈረሱን በሽምጥ የሚያስጋልብ ሰው ጀግና አይባልም ነበር፤ ጥጋበኛ ነበር የሚባለው።

ሳንታ ሞኒካም ይህንን በራሷ መንገድ ተምራዋለች። ከ1909 እስከ 1919 ባሉት ዓመታት በዚች ከተማ ጎዳናዎች ላይ የመኪና ውድድር ይካሄድ ነበር። መስመሩ ዛሬ ሰው በእግሩ በሚንሸራሸርበት በኦሽን አቬኑ፣ በዊልሸርና በሳን ቪሰንቴ ነበር። ኦሽንና ዊልሸር የሚገናኙበት መታጠፊያ «የሙት ሰው ኩርባ» የሚል ስም ነበረው። በ1914 እና በ1916 በዘመኑ እጅግ የታወቁት ቫንደርቢልት ካፕና የአሜሪካ ግራንድ ፕራይዝ እዚሁ ተደርገዋል። ከዚያ ከተማው አደገ፣ ቤት በዛ፣ ውድድሩ ከመንገዱ ወጣ። በ1953 ዊሎው ስፕሪንግስ በበረሃው ሲከፈት ፍጥነት የራሱ ሜዳ ነበረው።

ችግሩ ሁሉም ወደ ሜዳው አለመሄዱ ነው። ኦክቶበር 17 ቀን 2023 ማታ ማሊቡ ውስጥ በፓሲፊክ ኮስት ሀይዌይ ዳር የነበሩ አራት የፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ መኪና ተገጭተው ሞቱ። በዚያ ቦታ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 45 ማይል ነበር። አቃቤ ሕግ የ22 ዓመቱን ሾፌር የከሰሰው በነፍስ ግድያ ነው። አራት ቤተሰብ ሐዘን ተቀመጠ፤ አምስተኛውም ቤተሰብ ልጁን በሌላ መንገድ አጣ። ከእኔ ቤት ወደዚያ መንገድ ለመውረድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔም በየሳምንቱ እነዳበታለሁ።

ከእኛም ቤት ደርሷል። ባለፈው ዓመት አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ልጁ 24 ዓመቱ ነበር፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ከያዘ ዓመት አልሞላውም። ሌሊት፣ በተራራው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ብቻውን። እናቱ ለቀብሩ ሊደርሱ አልቻሉም፤ አዲስ አበባ ሆነው በስልክ ነው ያለቀሱት። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ድምፁ ተከፍቶ ተቀምጦ ነበር። በለቅሶው መሃል አንድ ሽማግሌ «ይቺ መኪና ናት የበላችው» አሉ። ዝም አልኩ፤ በለቅሶ ቤት ክርክር አይያዝም። ዛሬ ግን እላለሁ፦ መኪናዋ አይደለችም። ለዚያ ልጅ ከእኛ መሃል የነገርነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ትልልቆቹ «ምን ያደርግልሃል?» አልነው፤ እኩዮቹ «ዋው!» አሉት። ፍጥነት የት እንደሚፈቀድ፣ መኪናዋ ምን እንደምትችልና ምን እንደማትችል ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው አልነበረም።

የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ አይቀልድም። በመንገድ ላይ እሽቅድምድም ሲያደርግ ተይዞ የተፈረደበት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን እስከ 90 ቀን እስርና እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት ሊያገኘው፣ መኪናውም እስከ 30 ቀን ሊያዝበት ይችላል። ለዜጋው ይህ ቅጣት ነው። በተማሪ ቪዛ ላለ፣ ወይም ግሪን ካርዱን ለሚጠብቅ ልጅ ግን የወንጀል መዝገብ ከቅጣቱ በላይ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል።

አንደኛ ጎማ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ተራው እንዲህ ነው፤ ሾፌሩ፣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ማቀዝቀዣውና ዘይቱ፣ ሞላውና አሞርዛቶሩ፣ በመጨረሻ ጉልበት። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ገንዘቡንም ራሱንም ለአደጋ ያጋልጣል።

የ«ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ተዋናይ ፖል ዎከር በኖቬምበር 30 ቀን 2013 እዚሁ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ፣ ሳንታ ክላሪታ፣ በፖርሽ ካሬራ ጂቲ ውስጥ ተሳፍሮ ሳለ ሞተ። የሚነዳው ጓደኛው ነበር፤ እሱም አልተረፈም። የሸሪፍ መርማሪዎች መኪናዋ 45 ማይል በተፈቀደበት መንገድ በሰዓት ከ80 እስከ 93 ማይል ትሮጥ እንደነበር ደረሱበት። ሌላም ነገር አገኙ፤ ጎማዎቹ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ያረጁ ነበሩ። በዓለም ከታወቁት መኪኖች አንዷ፣ ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ያላት፣ በደረቀ ላስቲክ ላይ ቆማ ነበር ማለት ነው።

የጎማ ጥርስ ባያልቅም ላስቲኩ ይደርቃል፣ መያዝ ያቅተዋል። ዕድሜውን ማወቅ ቀላል ነው። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ተከትሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። 2319 የሚል ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ይህን ጽሑፍ እያነበባችሁ ከሆነ ወጥታችሁ እዩት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ከአምስት ዓመት ያለፈ ጎማ ይዤ ወደ ሜዳው አልሄድም።

ቀጥሎ የጎማው ዓይነት ነው። ጎኑ ላይ ትሬድዌር የሚል ቁጥር አለው። 500 የሚለው ቶሎ አያልቅም፣ ነገር ግን የመያዝ ኃይሉ ያነሰ ነው፤ 200 የሚለው አስፋልቱን ጨብጦ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፤ በዝናብና በብርድም እንደ ዓይነቱ ሊከዳ ይችላል። ለመንገድም ለሜዳም አንድ ጎማ የሚፈልግ ሰው በመሃል መምረጥ አለበት። አቅሙና ጋራዡ ያለው ሁለት ጥንድ ቸርኬ ይይዝና ይቀያይራል። ነፋሱ ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካል፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራልና እንደገና ይታያል።

ሁለተኛ ልጓም

ፍሬን የምንለው ቃል የመጣው ከጣልያንኛው ፍሬኖ ነው። ፍሬኖ በጣልያንኛ የመኪናውን ፍሬንም የፈረሱን ልጓምም ይጠራል። እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ቃሉ ራሱ ነገሩን ጨርሶታል።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ተማሪዎች አትሽሹ። የመኪና የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የእኔ ሚያታ ከነነጂዋ 1,150 ኪሎ ብትመዝን፣ ከ160 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትወርድ 850 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት መጣል አለባት። የአየሩን ግፊት ከተውን ይህ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። 850 ኪሎ ጁል ሁለት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ ማፍላት ይችላል። ሁለት ትልልቅ ጀበና በሉት። በአንድ መታጠፊያ ሁለት ጀበና ቡና! አሁን ይህንን በየዙሩ ብዙ ጊዜ፣ ለሃያ ደቂቃ ደጋግሙት።

ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል? ወደ ፍሬኑ ሸራ፣ ወደ ዲስኩ፣ በመጨረሻም ወደ ፍሬን ዘይቱ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን በመስፈርቱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲገባበት ግን የመስፈርቱ ዝቅተኛ 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ ዘይት አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል። ፔዳሉን ስትረግጡት ወለሉ ድረስ ይወርዳል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ከተማ ውስጥ ይህ አይታይ ይሆናል፤ በሜዳው ወይም በረጅም ቁልቁለት ግን የሚመጣው በአንድ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሜዳ ወቅት በፊት የፍሬን ዘይቱ ይቀየራል። ዋጋው? እንደ ዓይነቱ ከ15 እስከ 30 ዶላር የሚሸጥ ጠርሙስና የአንድ ከሰዓት ሥራ። የፍሬን ሸራው ላይ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፤ የውድድር ሸራ ሲሞቅ ነው የሚሠራው። ጠዋት ሊንከን ቡሌቫርድ ላይ፣ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከተራው ሸራ ያነሰ ሊይዝ ይችላል፤ ጩኸቱም አለ። «ውድ ነውና ይሻላል» ብሎ የውድድር ሸራ ገጥሞ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ተሳስቷል። ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ሸራ አለ፤ ካልሆነ ጠዋት ወደ ሜዳው ስትሄዱ መቀየር ነው።

የጋራዥ ቋንቋ

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ከአንድ ጋራዥ አጠገብ ነው። አጎቴ እዚያ ይሠሩ ነበር። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ቺንጋ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህን ቃላት ከፊደል ገበታ እኩል ነው የተማርኳቸው። አማርኛ ይመስሉኝ ነበር። ጣልያን በአምስት ዓመቱ ወረራና በአስመራ በኩል ጥሎልን የሄደው መዝገበ ቃላት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እዚህ አገር ዕቃ መሸጫ ገብቼ «ካንዴላ» ስል ማንም አይሰማኝም፤ ግን እጄ ያውቀዋል።

ይህን የማነሳው ለትዝታ አይደለም። እኛ የጥገና ባህል ያለን ሰዎች ነን፤ ይህንን ግን እንደ ሀብት አንቆጥረውም። የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ላዳ አስቡት። በጣልያኑ ፊያት 124 ላይ ተመሥርታ ሶቪየት ኅብረት የሠራቻት መኪና፣ ፋብሪካው ከተዋት በኋላም በእኛ መካኒኮች እጅ ለአሥርት ዓመታት ሠርታለች። ዕቃ ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ፣ የጠፋው ተሞርዶና ተበይዶ። ያ ሰው ዲግሪ የለውም ተብሎ ይናቃል፤ «መካኒክ ነው» የሚለው ቃል በእኛ ቤት ዛሬም ለጋብቻ ሲጠየቅ ያስነጥሳል። እዚህ ግን የዚያ ሰው ዕውቀት በሰዓት ከመቶ ዶላር በላይ የሚከፈልበት ሙያ ነው።

ከአጎቴ የወረስኩት ትልቁ ነገር ደብተር ነው። በየመኪናው ምን መቼ እንደተቀየረ ይጽፉ ነበር። እኔም ለሚያታዬ ደብተር አላት። የሞተሩ ቺንጋ በየ60 ሺህ ማይሉ፣ ዘይት ከሜዳው በፊትና በኋላ፣ የራዲያተር ውኃና ጎማ ቱቦዎች፣ ኩሽኔታዎች። የእነዚህ መኪኖች ራዲያተር የላይኛው ፕላስቲክ ሲያረጅ ቡናማ እየሆነ ይሄድና አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ዊሎው ስፕሪንግስ በበጋ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ያ «አንድ ቀን» እዚያ እንዲሆን አትፈልጉም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን ማየት፣ የቸርኬውን ብሎኖች በመለኪያ ቁልፍ መፈተሽ ግዴታ ነው።

ስለ ሞላና አሞርዛቶር ደግሞ ይህን ብቻ ልበል። የሎስ አንጀለስን አስፋልት ታውቁታላችሁ። ለሜዳው ብላችሁ ድንጋይ ያደረጋችኋት መኪና በከተማው ጉድጓድ ላይ ትዘላለች፤ የዘለለች ጎማ ደግሞ ምንም አትይዝም። እጅግ ዝቅ ማድረግም ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ የፊት እግሩን አሠራር ያበላሻል። የጎማ አቋሙም እንዲሁ ነው። ጎማውን ከላይ ወደ ውስጥ ጋደል ማድረግ በመታጠፊያ ላይ ይጠቅማል፤ ሲበዛ ግን በየቀኑ በሀይዌይ ስትነዱ የውስጠኛውን ጠርዝ ይበላዋል። ለመንገድም ለሜዳም የምትሆን መኪና በሁለቱም አንደኛ አትሆንም። ይህን የተቀበለ ሰው ብዙ ገንዘብ ይቆጥባል።

ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ከሆነች ደግሞ ለሜዳው ብረት ያስፈልጋታል፤ ብትገለበጥ ራሳችሁን የሚያድን። አብዛኞቹ አዘጋጆች ያለዚያ አያስገቡም። ያው ብረት በመንገድ ላይ፣ ሄልሜት ሳታደርጉ፣ ጭንቅላታችሁን ሊመታ ስለሚችል በወፍራም ስፖንጅ መሸፈን አለበት።

ጉልበቱስ?

«ጋሼ ጉልበት ይጠላሉ» እንዳትሉኝ። አልጠላም። የተርቦን ነገር ለእኛ አገር ልጅ ማስረዳት ደግሞ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር 140 የፈረስ ጉልበት ያለው ተርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ቢሄድ በስሱ አየር ምክንያት ወደ 110 ገደማ ይወርዳል። ተርቦ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አየሩን አጭቆ ያስገባል። ብዙ አየር፣ ብዙ ነዳጅ፣ ብዙ ጉልበት። ግን ደግሞ ብዙ ሙቀት። ፒስተኑ፣ ቴስታታው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩ፣ ፍሬኑ፤ ሁሉም ለ140 ነበር የተሠሩት። በእነሱ ላይ 100 ፈረስ መጫን ያለ መጫኛ በቅሎ ላይ ሁለት ኩንታል እንደ መጫን ነው።

ሕጉም አለ። በካሊፎርኒያ ሞተሩና ጭሱ ላይ ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ ለመንገድ መኪና ሕጋዊ የሚሆነው የክፍለ ግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ (ካርብ) የፈቃድ ቁጥር ሲኖረው ነው። ስሞግ የሚመረምረው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ያንን ቁጥር ይፈልጋል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም ተለውጦ እንደሆነ ይታያል፤ ከተለወጠና ካልተፈቀደ መኪናዋ አታልፍም። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን አውጥቶ ባዶ ቱቦ መግጠም ሕገወጥ ነው። ማርሚታውም ቢሆን ለተራ መኪና ከ95 ዴሲቤል በላይ መጮህ የለበትም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጎረቤት ሕፃን የሚያስነሳ ማርሚታ የሚያሳየው አቅምን ሳይሆን ይሉኝታ ማጣትን ነው።

በሜዳው የማየው ሌላ እውነት አለ። ጥሩ ጎማና ጤነኛ ፍሬን ያላት ባለ 140 ፈረስ ሚያታ፣ መንዳት የሚያውቅ ሰው ሲይዛት፣ ከኋላዋ ባለ 400 ፈረስ መኪና ይዞ የመጣውን ጀማሪ በመታጠፊያዎቹ ትጥለዋለች። ሾፌሩን አንደኛ ያልኩት ለዚህ ነው። ለተርቦው ከምታወጡት ገንዘብ በጥቂቱ ከአስተማሪ ጋር ሁለት ቀን መንዳት ትችላላችሁ፤ ብዙዎቹ አዘጋጆች ለጀማሪ አስተማሪ ይሰጣሉ። የምትማሩትም ዓይናችሁን የት እንደምትጥሉ፣ መቼ እንደምትረግጡ፣ በተለይም መቼ እንደምትተዉ ነው። ያን የተማረ ልጅ ማልሆላንድ ላይ ለመሽቀዳደም አይጓጓም፤ ምክንያቱም በዚያ መንገድ ላይ ስህተት ቢሠራ የሚቀበለው ባዶ ሜዳ እንደሌለ ገብቶታል።

የአገር ቤቱ ሒሳብ

አሁን ወደሚያሳፍረን ጥያቄ እንምጣ። እናት ቤት ኪራይ እየጠበቀች፣ እህት የዩኒቨርሲቲ ገንዘብ እየጠየቀች፣ ሰው እንዴት ለጎማ 600 ዶላር ያወጣል?

ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን «የወደድከውን ተው» አይደለም። መልሱ ግልጽ ሒሳብ ነው። የአንድ ቀን ሜዳ እንደ አዘጋጁና እንደ ቀኑ ከ200 እስከ 400 ዶላር ገደማ ነው። ጎማ፣ ሸራ፣ ዘይት፣ ነዳጅ ጨምሩበት። በዓመት ሦስት ቀን ለሚሄድ፣ በራሱ እጅ ለሚሠራ ሰው፣ ይህ በየወሩ ለአዲስ ዘመናዊ መኪና ከሚከፈለው ብድር ያንሳል። አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በመታያዋ መኪና የወር ክፍያ ነው፤ ይህን ግን ማንም አይናገርም፣ ፎቶዋ ያምራላ! የኢንሹራንስ ውላችሁንም አንብቡ። ብዙዎቹ ውሎች በውድድር ሜዳ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም፤ ለዚያ ቀን ለብቻው የሚገዛ ኢንሹራንስ አለ። ሜዳ ላይ ብትሰበር ማጣት የማትችሉትን መኪና ወደ ሜዳ አትውሰዱ። ያረጀች፣ ቀላል፣ ዕቃዋ በርካሽ የሚገኝ መኪና የምመርጠው ለዚህ ነው።

አንድ ሐሳብም አለኝ። ዕቁብ እናውቃለን፤ በዕቁብ ቤት የገዛ፣ ታክሲ የገዛ፣ ምግብ ቤት የከፈተ በመካከላችን አለ። ታዲያ ስምንት አሥር ወጣቶች ተሰብስበው የዕቃና የሜዳ ዕቁብ ቢጥሉ ምን ይከለክላቸዋል? ክሪኩ፣ የመለኪያ ቁልፉ፣ የፍሬን ዘይት መቀየሪያው ለአሥር ሰው አንድ ይበቃል። በየወሩ አንዱ ጋራዥ ተገናኝቶ የአንዱን መኪና መሥራት፣ በየሩብ ዓመቱ አብሮ ወደ ሜዳው መሄድ። ጡረታ የወጡ መካኒኮች አሉን፤ እጃቸው ሥራ ናፍቆታል። ጋብዟቸው። እነሱ ካንዴላና ቺንጋ ይሏችኋል፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ዕቃውን ታዛላችሁ፤ ሁለታችሁም ትማራላችሁ። ቀድሞ የነበረው የፈረሰኞች ማኅበር ትርጉሙም ይኸው ነበር፤ መጋለብ ብቻ ሳይሆን የሚጋልበውን ልጅ ማሳደግ።

ወላጆችም ሆይ፣ ልጃችሁ መኪና ወደደ ብላችሁ አትቆጡት። ቁጣ ልጁን ከመኪናው አይለየውም፤ ከእናንተ ነው የሚለየው። ይልቅ አብራችሁት ኮፈኑን ክፈቱ፣ አንድ ቅዳሜ ሮዛመንድ ድረስ አጅቡት። ልጁ በአጥር ውስጥ፣ አምቡላንስ በተጠንቀቅ በቆመበት፣ ሄልሜት አድርጎ ሲሮጥ ማየት፣ ሌሊት የት እንዳለ ሳያውቁ አልጋ ላይ ከመገላበጥ ይሻላል።

ወጣቶች ደግሞ፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ዛሬ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ። አራቱንም ጎማ ዞራችሁ ቁጥሩን አንብቡ። የፍሬን ዘይታችሁ መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ ይቀየር። ደብተር ግዙ። ከዚያ በኋላ ስለ ተርቦው እንነጋገር፤ ስልኬን አነሳለሁ።

ቸር ያሰማን።